ለደሴው የመልስ ግብዣ የተቀመጠው የሙስካት ወይን፦ ከምን ጋር፣ መቼና ምን ያህል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። በጥር ወር የእህቴን ልጅ እንድራለን፤ የመልሱን ግብዣ የማሰናዳው እኔ ነኝ። አቪኞን የሚኖረው ወንድማችን ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ጠርሙስ የቦም ደ ቬኒዝ ሙስካት አምጥቶልን ነበር፤ ያረጀ ወይን ይጣፍጣል ብለን አስቀመጥነው። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ ዘንድሮ ከአውስትራሊያ አንድ ጠርሙስ የራዘርግለን ሙስካት ላከችልን። ወንድሜ ፈረንሳዮች ከጉበት ጋር እንደሚጠጡት ስለ ነገረኝ ከዱለትና ከዶሮ ወጥ ጋር፣ በብርሌ ላቀርበው አስቤአለሁ። ጣፋጭ ስለ ሆነ ለሴቶችና ለአዛውንቶችም የሚከብድ አይመስለኝም። በአንደኛው ጠርሙስ ግርጌ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ነገር ዘቅጧል፤ ተበላሽቶ ይሆን? እንግዶቻችን ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ናቸው። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ዱለቱንና ዶሮ ወጡን ከጠጅ ጋር ያቅርቡ፤ ሦስቱን ጠርሙሶች ግን ከዋናው ምግብ ፈጽመው ይለዩአቸው። ቦታቸው ገበታው ተነሥቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ቡናው ገና ሳይፈላ ያለው ጊዜ ነው፤ ልካቸውም ትንሽ ብርጭቆ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ግምቶች አሉ፦ ጣፋጭ ወይን ለስላሳ ነው፤ ወይን ሁሉ ሲቆይ ይሻሻላል፤ ከጉበት ጋር የሚስማማ ከዱለት ጋርም ይስማማል። ሦስቱም ትክክል አይደሉም። ግብዣው እንዲያምር ምክንያታቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

ሙስካት ጣፋጭ የሆነው ስኳር ተጨምሮበት አይደለም። የወይኑ ጭማቂ መብላላት ሲጀምር እርሾው የፍሬውን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ በተለመደው ወይን ይህ ሥራ ስኳሩ አልቆ ወይም ሊያልቅ ተቃርቦ እስኪቆም ድረስ ይቀጥላል። በዚህኛው ግን ጠማቂው ስኳሩ ገና ብዙ ሳለ ከወይን የወጣ፣ ጥንካሬው 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ንጹሕ አልኮል ይጨምርበታል። የፈሳሹ አልኮል በአንድ ጊዜ 15 በመቶ ገደማ ሲደርስ እርሾው ይሞታል፤ ያልተበላው ስኳርም እዚያው ይቀራል። ጠጅ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ጠጁ ገና ብርዝ ብርዝ እያለ ሳለ መብላላቱን በጠንካራ አልኮል ቀጥ ማድረግ ማለት ነው። ዘዴውን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሞንፔልዬ ያስተምር የነበረው ካታሎናዊው ሐኪም አርናው ደ ቪላኖቫ እንዳስተዋወቀው ይነገራል፤ በደቡብ ፈረንሳይ እስከ ዛሬ በሕግ ተደንግጎ ይሠራበታል። የፍሮንቲኛን ሙስካት እ.ኤ.አ. በ1936፣ የቦም ደ ቬኒዙ ደግሞ በ1945 የተከለለ የትውልድ ስፍራ ስያሜ አግኝተዋል። የቦም ደ ቬኒዙ ደንብ አልኮሉ ቢያንስ 15 በመቶ፣ የቀረው ስኳር ደግሞ በሊትር ቢያንስ 100 ግራም እንዲሆን ያዛል።

እንግዲህ ጣፋጭነቱና ጥንካሬው የመጡት ከአንድ ምክንያት ነው። ምላስ ላይ የሚሰማው ስኳር የአልኮሉን ግለት ስለሚሸፍነው ጠጪው ለስላሳ መጠጥ የያዘ ይመስለዋል፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ከሱቅ የገዛውን ወይን በቤት አረቄ «ላጠንክር» ብሎ እንዳይነሣም አደራ እላለሁ። የቤት አረቄ የራሱ ብርቱ ሽታ አለው፤ ጥንካሬው ከተፈላጊው ግማሽ እንኳ ስለማይደርስ ወይኑን ያቀጥነዋል፤ አወጣጡ ካልተቆጣጠሩትም ለጤና አስጊ የሆነ ነገር ሊኖርበት ይችላል። በዚያ ላይ ተብላልቶ ባለቀ ወይን ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባው የፍሬ ስኳር የለም።

አሁን በእጅዎ ያሉት ሁለት ዓይነት ወይኖች የአንድ የወይን ዘር ልጆች ቢሆኑም ጠባያቸው እጅግ የተራራቀ ነው። ሙስካት ከሌሎች የወይን ዘሮች የሚለየው ተጠምቆ እንኳ የራሱን የፍሬውን ሽታ ይዞ መቅረቱ ነው። ሊናሉል፣ ጄራኒዮልና ኔሮል የተባሉት መዓዛማ ውህዶች በቅርፊቱ ውስጥ በብዛት አሉ፤ የብርቱካን አበባን፣ ጽጌረዳንና የበሰለ ወይን ፍሬን የሚያስታውሰው ሽታ ከእነርሱ ይመጣል። ቦም ደ ቬኒዝ በደቡባዊው የሮን ሸለቆ፣ ዳንቴል ደ ሞንሚራይ በሚባሉት ሾጣጣ ተራሮች ሥር ያለች መንደር ናት፤ ወንድምዎ ከሚኖሩበት ከአቪኞን ሩቅ አይደለችም። የዚያ አካባቢ ጠማቂ ዋና ጭንቀቱ ያን ትኩስ መዓዛ ሳይጠፋ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት ነው። ስለዚህ ወይኑን በቀዝቃዛ ጋን ይይዘዋል፤ ብዙ ሳያቆይም ያሽገዋል።

ራዘርግለን በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በዚያ ቅርፊቱ ቀላ ያለውን ትንሽ ፍሬ ሙስካት ዛፉ ላይ እንዳለ እስኪጨማደድና ወደ ዘቢብ እስኪጠጋ ይተዉታል፤ ጭማቂው ገና መብላላት እንደ ጀመረ አልኮል ያስገቡበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጊዜ ነው። ወይኑ በእንጨት በርሜል፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ በሚል ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው መጋዘን ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዱም ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ውሃው በእንጨቱ ቀዳዳዎች እየተነነ ስኳሩና መዓዛው ይወፍራል፤ ቀለሙ ወደ ቡና ይለወጣል፤ በብርጭቆው ዳር ላይም አረንጓዴነት ያለው ጠርዝ ይታያል። ሽታው ዘቢብ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ የተቆላ ለውዝና ቡና ነው። ጠማቂዎቹ እንደ ዕድሜውና እንደ ክምችቱ «ራዘርግለን»፣ «ክላሲክ»፣ «ግራንድ» እና «ሬር» ብለው በአራት ደረጃ ከፍለውታል፤ በጠርሙሱ ላይ ከእነዚህ የትኛው እንደ ተጻፈ ይመልከቱ። ከ«ክላሲክ» በላይ ከሆነ ግማሽ ትንሽ ብርጭቆ ለአንድ ሰው ይበቃል። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለወሎ ገበታ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ራዘርግለንን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ስለ ማስቀመጡ። በርሜል ውስጥ መቆየትና ጠርሙስ ውስጥ መቆየት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የራዘርግለኑ ሙስካት የሚያረጀውን ያህል አርጅቶ ነው የታሸገው፤ ከእንግዲህ ጠርሙሱ ውስጥ አይሻሻልም፤ በቀላሉም አይጎዳም። የቦም ደ ቬኒዙ ግን የሚጣፍጠው ልጅነቱ ነው፤ ከታሸገ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል። ሦስት ዓመት ያስቀመጣችሁት ሁለቱ ጠርሙሶች ጤናን የሚጎዳ ነገር ባይኖራቸውም የአበባው ሽታ ደክሞ፣ ፈዘዝ ያለው ወርቃማ ቀለም ጠቆር ወዳለ የማር ቀለም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የደሴ አየር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ አየር በመሆኑ፣ ረድቷችኋል፤ ያው ጠርሙስ ባቲ ወይም ኮምቦልቻ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከርሞ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ባልሰጠኋችሁ ነበር።

በግርጌው የዘቀጠው የሚያብረቀርቅ ነገር ስኳር አይደለም፤ ብልሽትም አይደለም። በወይን ፍሬ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው የታርታሪክ አሲድ ከፖታሲየም ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው ጨው ነው፤ ወይኑ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በደሴም ቅዝቃዜ አልጠፋም። ቢዋጥ አይጎዳም፤ ጥርስ ላይ ግን እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ከግብዣው ሁለት ቀን ቀድመው ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ሲቀዱ ሳያናውጡ ቀስ ብለው ያዘንብሉትና የመጨረሻዋን ጣት የምታህል ፈሳሽ ይተዋት። እውነተኛ የብልሽት ምልክቶች ሌላ ናቸው፦ የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል፤ የኮምጣጤ ሽታ ካለው ደግሞ አየር ገብቶበታል። ለዚህ ሲባል ከሁለቱ አንዱን በግብዣው ዋዜማ ማታ ከፍተው ይቅመሱት። በአልኮል የተጠናከረ ወይን ተከፍቶ ቢያድር፣ በቀዝቃዛ ቦታ ተከድኖ እስከ ቆመ ድረስ፣ ምንም አይሆንም።

ወደ ዱለቱ ልመለስ። ወንድምዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ፈረንሳዮች ሙስካትን ከጉበት ጋር ያቀርባሉ። ያ ጉበት ግን በቅልብ የደለበ የዳክዬ ወይም የዝይ ጉበት ነው። ቅባቱ ብዙ፣ ጨውና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ብቻ የነካው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቅዞ የሚበላ ለስላሳ ነገር ነው፤ የወይኑ ስኳርና የጉበቱ ስብ ተቃቅፈው ይወርዳሉ። ዱለት ግን የበግ ጨጓራና ጉበት ደቅቆ፣ በሚጥሚጣና በቃሪያ ተለውሶ፣ በንጥር ቅቤ ለብ ተደርጎ የሚበላ ነው። የሚያገናኛቸው «ጉበት» የሚለው ነገር ብቻ ነው።

ዋናው ችግር የሚጥሚጣውና የበርበሬው ማቃጠል ነው። ስኳር ብቻውን ማቃጠሉን ያበርዳል፤ ጣፋጭ ነገር ለሚያቃጥል ምግብ ጥሩ ነው የሚለው ልማድ የመጣውም ከዚህ ነው። አልኮል ግን ተቃራኒውን ይሠራል። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚነካው የአፍ ውስጥ የሙቀት ስሜት ተቀባይ አልኮልም ይነካዋል፤ በቀላሉ እንዲቀሰቀስም ያደርገዋል። ስለዚህ ከ15 እስከ 18 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ዶሮ ወጥ በበላ አፍ ላይ ሲፈስ መጀመሪያ ያበረደ መስሎ ይቆይና ወዲያው እሳቱን ያነድደዋል። የብርቱካን አበባ የምትመስለው ስስ መዓዛም ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከኮረሪማውና ከንጥር ቅቤው ፊት አትቆምም። የበላው ሰው የሚያስታውሰው «ጣፋጭና የሚያቃጥል» መጠጥ እንጂ ሙስካትን አይደለም። ጠጅ ለዚያ ቦታ የተሠራ ነው፤ አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ የጌሾው ምሬት ቅባቱን የሚቆርጥ፣ በብዛትም የሚጠጣ ነውና ቦታውን አይቀሙት።

ከምግብ በፊት በባዶ ሆድ ስለ ማቅረብም የሚጠይቁኝ አሉ፤ በደቡብ ፈረንሳይ ቀዝቀዝ አድርገው እንዲያ ይጠጡታል። ለመልስ ግን አልመክርም። ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ማለዳ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ውሎ፣ ምሳውን እየጠበቀ ሳለ ጣፋጭና ብርቱ መጠጥ መስጠት ደግነት አይሆንም።

ታዲያ ከምን ጋር? አንድ ሕግ ብቻ ይያዙ፦ ወይኑ ከሚቀርብለት ነገር ይበልጥ ጣፋጭ መሆን አለበት። ምግቡ ከበለጠው ወይኑ ባንድ ጊዜ ጎምዛዛና ባዶ ይሆናል፤ የቀረው አልኮሉ ብቻ ይሰማል። በግብዣ ላይ ከማያቸው ጥፋቶች ብዙው እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ክሬም የተቀባው የሠርግ ኬክ ከማንኛውም የፈረንሳይ ሙስካት ይበልጣል። ማርም እንዲሁ፤ የላስታ ነጭ ማር የቱንም ያህል ቢወደድ፣ ከክብደቱ አራት አምስተኛ ገደማው ስኳር ስለ ሆነ፣ ወይኑን ያከስመዋል። «የእኛን ምርጥ ከእነርሱ ምርጥ ጋር» ብሎ ማርና ሙስካትን አንድ ሰሃን ላይ ማገናኘት ፍቅር ያለበት ሐሳብ ነው፤ ውጤቱ ግን ሁለቱንም ይጎዳል።

ለቦም ደ ቬኒዙ የምመርጥለት የመጀመሪያው ነገር ድፎ ዳቦ ነው፤ በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ፣ ድምብላልና ጥቁር አዝሙድ የገባበት። ይህ የይሉኝታ ምርጫ አይደለም፤ ምክንያት አለው። የድምብላል ፍሬ መዓዛ አብዛኛው ክፍል ያው ሊናሉል ነው፤ ሙስካትን ሙስካት ያደረገው ውህድ ማለት ነው። ድምብላሉን እንደ ዱቄት አያድቅቁት፤ በሙቀጫ ሰበር ሰበር አድርገው ከሊጡ ጋር ይለውሱት። ዳቦው ለብ እንዳለ ተቆርሶ፣ አንድ ጉርሻ ከተበላ በኋላ ወይኑ ፉት ሲባል ዳቦው ውስጥ ያለው መዓዛ ከብርጭቆው ሽታ ጋር ይቀጣጠላል፤ የትኛው ከየት እንደ መጣ መለየት ያስቸግራል። ዳቦው ላይ ስኳር አይጨምሩ፤ ጨው ግን በደንብ ይኑረው።

ከዳቦው ጎን አይብ ያኑሩ። ፈረንሳዮች ይህን ወይን ከሮክፎር ጋር የሚያቀርቡት የአይቡ ጨዋማነት የወይኑን ጣፋጭነት ስለሚያደምቀው ነው። የእኛ አይብ ጨው የለውም፤ ውሃውም ብዙ ነው። ስለዚህ በንጹሕ ነጠላ ቋጥረው ሌሊቱን ሰቅለው ያድርቁት፤ ጠዋት ጨው ነስንሰው በትንሹ ይለውሱት፤ ከተፈለገ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ ይጨመርበት። ሚጥሚጣና ጎመን አይግባበት። የተቆላ ኦቾሎኒ ወይም ለውዝ፣ ጨው የነካው፣ ደግሞ ማንም የማይሳሳትበት ነው።

ከፍራፍሬ ፓፓያ ይምረጡ። በፕሮቫንስ ከዚህ ወይን ጋር በጣም የሚወደደው የሐብሐብ ዘመድ የሆነው፣ ውስጡ ብርቱካናማ የካቫዮን ሜሎን ነው፤ በደሴ ገበያ ላይ ለዚያ የሚቀርበው ፓፓያ ነው። በደንብ የበሰለውን ላጥ አድርገው፣ ሎሚ ጠብ ጠብ አድርገውበት፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብ። ሎሚው የግድ ነው፤ ፓፓያ ብቻውን ከወይኑ ጋር ሲሆን አፍ ላይ ይከብዳል። ከመርሳና ከግራና በኩል የሚመጣ ብርቱካን ካገኙ በክብ በክብ ቆርጠው ይጨምሩ። በለስ ድንቅ በሆነ ነበር፤ የክረምት ፍሬ ነውና ለጥር አይደርስላችሁም። ከሁለቱ ጠርሙሶች ያረጀ ሽታ የያዘው ካለ፣ እርሱን ከፍራፍሬው ይልቅ ከለውዙና ከዳቦው ጋር ያውሉት።

ራዘርግለኑን ለጭኮ ያስቀምጡ። የወሎ ደጋ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ከዚህ ወይን የተቆላ ለውዝና የተቃጠለ ስኳር ሽታ ጋር የአንድ ቤት ነው፤ ቅቤውም ወይኑ ጉሮሮ ላይ እንዳይከብድ ያደርገዋል። ጭኮው ያለ ሚጥሚጣና ያለ ማር፣ በጥቂት ጨው ይታሽ፤ ከአውራ ጣት ራስ የማይበልጥ ቁራሽ ይበቃል። ራዘርግለንን የምመርጥበት ምክንያት ይህ ነው፤ የእኛ ቤት መዓዛ በአብዛኛው የመቆላት መዓዛ ነው፤ ይህ ወይንም እንዲሁ። ተምርም ይስማማዋል። በሽሮፕ የራሰውን ሙሸበክና ባቅላባ ሊሸከም የሚችለውም እርሱ ብቻ ነው፤ ቦም ደ ቬኒዙን ግን በእነርሱ አጠገብ አያድርሱት።

ቡናውን በተመለከተ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በወሎ ቤት ቡና ያለ ዕጣን፣ ዕጣኑም ያለ አሪቲና ያለ ቄጤማ አይሆንም፤ ይህ የቤቱ ማዕረግ ነው፤ መቅረትም የለበትም። ሆኖም የዕጣን ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ማንኛውም ሙስካት ስኳር ውሃ ይሆናል፤ አፍንጫ ሌላ ነገር መለየት አይችልም። ስለዚህ የቦም ደ ቬኒዙ ብርጭቆዎች ተጠጥተው እስኪያልቁ ድረስ ፍሙ ላይ ዕጣን አይጨመር፤ አሪቲውም ከብርጭቆዎቹ ራቅ ብሎ ይጎዝጎዝ። ከዚያ ቡናው ይቆላ፤ ዕጣኑ ይጨስ። ከአቦሉ ጋር የሚሄድ የሚፈልግ ካለ ራዘርግለኑ ይቋቋመዋል፤ የቡናው ምሬት ትኩሱን ሙስካት ይገድለዋል እንጂ በርሜል ውስጥ የከረመውን አይነካውም።

ቦም ደ ቬኒዙ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ራዘርግለኑ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ቢቀርብ መልካም ነው። በጥር የደሴ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ጠርሙሶቹን ሌሊቱን ፀሐይ በማይደርስበት በረንዳ ማሳደር ይቻላል፤ ከመቅዳትዎ በፊት ፈረንሳዊውን ለግማሽ ሰዓት በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ አውስትራሊያዊውን እንዳለ ይተዉት። ከመጠን በላይ ከቀዘቀዙ ሽታቸው ይታፈናል፤ ከሞቁ ደግሞ አልኮሉ ይቀድማል። በረዶ ብርጭቆው ውስጥ አይግባ።

ለአንድ ሰው ከቦም ደ ቬኒዙ 75 ሚሊ ሊትር፣ ከራዘርግለኑ 50 ሚሊ ሊትር ይቅዱ። ብርሌው ሩብ ሊትር የሚይዝ ቢሆንና ቢሞላ፣ ጠጪው በአንድ ብርሌ ከሁለት ጠርሙስ ቢራ የሚበልጥ አልኮል ወሰደ ማለት ነው። ለሴቶች አይከብድም ያሉትም የተገላቢጦሽ ነው፤ በተመሳሳይ መጠን የሴት ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል አብዛኛውን ጊዜ ከወንድ ይበልጣል። ነፍሰ ጡር የሆነች ከቶ አትቅመስ። የስኳር ሕመም ላለባቸው አዛውንቶች ወይኑን አይቅዱ፤ 50 ሚሊ ሊትር ራዘርግለን ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር ሊኖር ይችላል፤ አልኮሉ ደግሞ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ከሰዓታት በኋላ የደም ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል እየዋጠ ያለ ሰውም ይለፈው። መኪና የሚነዳ፣ በተለይ የኮምቦልቻን ቁልቁለት የሚወርድ፣ ከጠጅ በላይ ይህን አይደርብ።

ስለ ሙስሊም እንግዶቻችሁ። በወሎ ሥጋው ለየብቻ እንደሚታረድ፣ መጠጡም እንዲሁ በጥንቃቄ ይለይ። ጠርሙሱ በጋራ መሶብ አጠገብ አይቁም፤ የወይኑ ብርጭቆዎችና የእነርሱ ብርጭቆዎች አይቀላቀሉ። ከቀረው ወይን ጥቂት ኬክ ወይም ዳቦ ሊጥ ውስጥ መጨመር ያምራል የሚል ምክር ቢሰጥዎት አይቀበሉ፤ አልኮል በመጋገር ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ እንግዳውም ሳያውቅ መብላት የለበትም። ለእነርሱ ብርዝ ያዘጋጁ፤ ግን በዚያው ዕለት ጠዋት የተበጠበጠ ይሁን። ብርዝ ካደረ፣ በተለይ ሙቀት ካገኘ፣ መብላላት ይጀምራልና አልኮል አልባ ነው ማለት አይቻልም። ድፎ ዳቦው፣ ደረቁ አይብ፣ ፓፓያው፣ ተምሩና ጭኮው ግን ለሁሉም እኩል የሚቀርቡ ናቸው፤ ከብርዝም ጋር ይጥማሉ። ያን ሁሉ ለወይኑ ብለው ቢያሰናዱትም ወይን የማይነካው እንግዳ የጎደለበት አይመስለውም።

ጠርሙሶቹ ባለ 75 ሳንቲ ሊትር ከሆኑ ሁለቱ ለ20 ሰው ያህል ይደርሳሉ፤ ራዘርግለኑ ባለ 50 ሳንቲ ሊትር ከሆነ ለ10 ሰው። ለመላው ታዳሚ ማዳረስ ስለማይቻል፣ እንዲበቃም ብለው ከሌላ ወይን ወይም ከጠጅ ጋር መቀላቀል ስለማይገባ፣ ሕዝቡ በጠጁ ላይ እያለ ለሙሽሮቹ፣ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች ብቻ በእልፍኝ ይቅዱ፤ ከሩቅ ላመጣው ለወንድምዎም ድርሻው ይያዝለት። ከቦም ደ ቬኒዙ የተረፈ ካለ ጠርሙሱን ከድነው፣ ሳያጋድሙ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቁሙትና በሳምንት ውስጥ ይጨርሱት። ራዘርግለኑ እንዲሁ ተከድኖ አንድ ወር ይቆያል።